እማየ ስሟን በኦሪት ፊደላት መካከል አስፈልጋ 800 ብር ከፈለች፤ ምን ልበላት?

የጦሳ ልጅ፦

ሰላም ወንድሞች፣ ደሴ ነኝ። የምጠይቃችሁ ነገር ሁለት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ ነስቶኛል።

እናቴ ዘነበች ትባላለች። ከፋሲካ ወዲህ ኩላሊቷን እያመማት ሆስፒታል ትመላለሳለች። በቀደም አንዲት ጎረቤት መጥታ «በዕብራይስጡ ኦሪት ውስጥ የሰው ሁሉ ስም ተሰውሮ ተጽፏል፣ የሚያወጣ ሰው ተገኝቷል» አለቻት። ሰውየው አንድ ክፍል ተከራይቶ ላፕቶፕ ይዞ ነው የሚሠራው። ስሟን ጠየቃት፣ 800 ብር ተቀበላት፣ ትንሽ ቆይቶ ወረቀት አትሞ ሰጣት።

ወረቀቱን አይቼዋለሁ። ገጹ ከዳር እስከ ዳር የዕብራይስጥ ፊደል ነው፣ እንደ ሰንጠረዥ ተደርድሯል። ከላይ ወደ ታች አራት ፊደል በቀይ ተከቧል። የእሷ ስም ነው አላት። ከጎኑ ሌላ አራት ፊደል በሰማያዊ ተከቧል። «ይኸኛው ያህዌ ነው፣ የእግዚአብሔር ስም። ካንቺ ስም አጠገብ ነው የቆመው፣ አይዞሽ አትሞቺም» አላት።

እማየ ወረቀቱን አጣጥፋ ዳዊቷ ማኅደር ውስጥ ከተተችው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ፊቷ በርቷል፣ እህል መቅመስ ጀምራለች፣ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። ሰኞ ዕለት ግን «እማየ ቀጠሮሽ ደርሷል፣ እንሂድ» ስላት «ስሜ ከስሙ አጠገብ ነው፣ ሆስፒታሉ ከዚህ በላይ ምን ሊያደርግልኝ» አለችኝ። ሳንሄድ ቀረን።

ዩቲዩብ ላይ ገብቼ ስፈልግ ነገሩ ብዙ ነው። ዘፍጥረት ላይ 50 ፊደል እየተቆጠረ «ቶራ» (ኦሪት ማለት ነው) የሚል ቃል ይወጣል ይላሉ። ኢሳይያስ 53 ላይ በ20 ፊደል ርቀት ወደኋላ ሲቆጠር «ኢየሱስ ስሜ ነው» ይላል የሚልም አለ። እውነቴን ነው፣ ይኼን ሳይ ሰውነቴን ውርር አደረገኝ። ሰንበት ትምህርት ቤት ያደግኩ ልጅ ነኝ፣ የእግዚአብሔርን ቃል ማቃለል አልፈልግም። የሚያውቅ ሰው ይንገረኝ። እውነት ነው? ካልሆነስ ለእማየ እንዴት አድርጌ ልንገራት?

የኮምቦልቻው መምህር፦

ወንድምዓለም፣ በመጀመሪያ እናትህን እግዚአብሔር ይማርልህ። ሌላው ነገር ይደርሳል፣ ቀጠሮውን ግን እንደ ምንም ብለህ አስይዝ፤ ኩላሊት ጊዜ አይሰጥም።

ሒሳብ አስተማሪ ነኝ። ነገሩን ሰዎች እንደሚያወሩት ሳይሆን እንደሚሠራው ላሳይህ። በቃላት መካከል ያለውን ክፍተት በሙሉ ታጠፋለህ። አምስቱ የኦሪት መጻሕፍት አንድ ረጅም የፊደል ገመድ ይሆናሉ፤ ዛሬ በሚታተመው ዕብራይስጥ 304,805 ፊደል ነው። አንዱ ፊደል ላይ ትቆምና እኩል እየዘለልክ ትቆጥራለህ፦ በየ5፣ በየ50፣ በየ700፣ ወደፊት ወይ ወደኋላ። ቃል እስኪወጣ።

አሁን አንድ ነገር እናድርግ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ያዝ። አንተ ከላይ የጻፍከውን የመጀመሪያ መስመር ውሰድ፦ ሰላም ወንድሞች ደሴ ነኝ የምጠይቃችሁ። ከ«ሰ» ጀምረህ በየስድስት ፊደሉ ዝለል። አንደኛው ሰ ነው። ሰባተኛው ሞ ነው። አሥራ ሦስተኛው የ ነው። ዕብራይስጥ ሲጻፍ ተነባቢውን እንጂ አናባቢውን አይጽፍም፣ አንባቢው ነው የሚሞላው። እኛም እንደዚያው አናባቢውን እንተወው፦ ስ፣ ም፣ ይ። ሰማይ!

«ሰማይ»ን አስበህበት ነው የጻፍከው? እኔ አንተን ስለማላውቅህ አልምልም፣ ግን ሰላምታ ስትሰጥ የወጣ ይመስለኛል። እኔ ደግሞ ያገኘሁት ጥቂት ደቂቃ ዓይኔን መስመሩ ላይ ሳንከራትት ነው። ኮምፒውተር በሴኮንድ ውስጥ ሚሊዮን ጊዜ ይሞክራል።

የያህዌ ነገር እንዲህ ነው። ስሙ ዮድ፣ ሄ፣ ዋው፣ ሄ ነው። እነዚህ ሦስት ፊደሎች በኦሪት ውስጥ እጅግ የሚደጋገሙ ናቸው፣ እያንዳንዳቸው ከአሥር ፊደል አንዱን ገደማ ይይዛሉ። ስለዚህ አራቱ ቦታዎች በትክክል የመግጠማቸው ዕድል ከአሥር ሺህ አንድ አካባቢ ነው። ትንሽ ይመስላል። ገመዱ ግን 304,805 ፊደል አለው! በአንድ ዓይነት ዝላይ ብቻ ከ25 እስከ 30 ጊዜ ይጠበቃል። ዝላዩን ከ1 እስከ 1,000 ስትቀያይር ከ25 ሺህ በላይ። ወደኋላም ስትቆጥር ከ50 ሺህ በላይ። የእናትህ ስም ያህዌ አጠገብ ባይገኝ ነበር የሚገርመው። የእኔም፣ የጎረቤቴም፣ የማንም ስም ያገኘዋል።

ስሙስ እንዴት ተጻፈ? «ዘነበች» ውስጥ ያለው «ች» በዕብራይስጥ የራሱ ፊደል የለውም። ወይ በጻዴ ይጻፋል፣ ወይ በታው፣ ወይ በሺን። ሰውየው የመረጠው የወጣለትን ነው። በጻዴ ብቻ እንኳ፣ እስከ 1,000 ዝላይ በሁለቱም አቅጣጫ ቢፈለግ፣ በግምት ከ100 በላይ ቦታ ይገኛል። በታው ከሆነ ብዙ እጥፍ ይሆናል።

ተስፋ ዘወልድያ፦

መምህር፣ ሒሳቡ ገብቶኛል። ግን ነገሩን በሰላምታ ፊደል ቆጥሮ መዝጋት አይከብድም? የመጽሐፍ ቅዱስ ነገር ነው። እኔ ይህን ነገር ለዓመታት ተከታትያለሁ፣ በቀላሉ የምተወውም አይደለም።

ማይክል ዶቭ ዋይስማንድል የሚባሉ የስሎቫኪያ ረቢ ነበሩ። ያለ ኮምፒውተር፣ በእጃቸው ነው የቆጠሩት። ዘፍጥረት 1 ላይ ከመጀመሪያው ታው ጀምሮ በየ50 ሲቆጠር ቶራ። ዘጸአትም እንደዚያው። ዘኍልቍና ዘዳግም ላይ ደግሞ ቶራ ወደኋላ ተጽፎ ይገኛል። መካከለኛው ዘሌዋውያን ላይ በየ8 ፊደል የእግዚአብሔር ስም። ሁለቱ ከፊት፣ ሁለቱ ከኋላ ሆነው ወደ ስሙ ዞረው የቆሙ ይመስላል። ይህን ሳስብ ታቦት ከብቦ የቆመ ሕዝብ ነው የሚመጣብኝ።

ደግሞ ተመራማሪዎች ያወጡት ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ1994 ዶሮን ዊዝተም፣ ኤሊያሁ ሪፕስና ዮአቭ ሮዘንበርግ «ስታቲስቲካል ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ የታወቁ ረቢዎች ስምና የልደት ወይም የዕረፍት ቀናቸው በዘፍጥረት ውስጥ ተቀራርቦ እንደሚገኝ ጽፈዋል። መጽሔቱ ተራ መጽሔት አይደለም። ለእግዚአብሔር የሚሳነው ነገር አለ እንዴ? ቃሉ ውስጥ ሌላ ቃል ቢያኖር ማን ይከለክለዋል?

የእናቱን 800 ብር የበላውን ሰውዬ ግን እኔም አልደግፈውም።

የኮምቦልቻው መምህር፦

ተስፋ ወንድሜ፣ ስሜትህን አከብራለሁ። ያነሳኸውም ነገር መልስ ይገባዋል፣ እኔም ኮሌጅ እያለሁ ያንኑ ጥናት ሳነብ ደንግጬ ነበር።

መጽሔቱ ጥናቱን ያተመው ሊፈታ የሚገባው እንቆቅልሽ ነው ብሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ፍቺው እዚያው መጽሔት ላይ ወጣ። አውስትራሊያዊው ብሬንደን መኬይ ከሦስት እስራኤላውያን ምሁራን ጋር፦ ድሮር ባር ናታን፣ ማያ ባር ሂለል፣ ጊል ካላይ። ችግሩ ከስሞቹ ነበር። አንድ ረቢ ብዙ መጠሪያ አለው፤ በስሙ፣ በማዕረጉ፣ በመጽሐፉ ስም ይጠራል፣ አጻጻፉም ይለያያል። የትኛው ይግባ የትኛው ይቅር የሚለው ምርጫ ውጤቱን ወዲያና ወዲህ ያደርገዋል። እነ መኬይ ምርጫውን በሌላ መንገድ አድርገው በዕብራይስጥ በተተረጎመው የቶልስቶይ «ጦርነትና ሰላም» ውስጥ ተመሳሳይ መቀራረብ አሳዩ። ቶልስቶይ ደግሞ ስለ ረቢዎች ልደት አልጻፈም።

ማይክል ድሮስኒን የሚባል ጋዜጠኛ ነበር። የእስራኤል ጠቅላይ ሚኒስትር ራቢን እ.ኤ.አ. በ1995 እንደሚገደል ኦሪት ውስጥ አየሁ ያለው እሱ ነው፤ መጽሐፉ በ1997 ሲወጣ በዓለም ዙሪያ ተሸጠ። ተቺዎቼ ስለ ጠቅላይ ሚኒስትር ግድያ የሚናገር ነገር በአሜሪካዊው ደራሲ በሜልቪል የዓሣ ነባሪ ልብ ወለድ፣ በ«ሞቢ ዲክ» ውስጥ ካገኙ አምናቸዋለሁ አለ። መኬይ እዚያ እንግሊዝኛ መጽሐፍ ውስጥ ፈለገ፣ የብዙ መሪዎችን ግድያ አገኘ። ሪፕስ ራሳቸውም የድሮስኒንን ሥራ እንደማይደግፉ በይፋ ተናግረዋል።

ስለ 50ው ደግሞ እንዲህ እየው። ዘፍጥረትና ዘጸአት ላይ ሕጉ በየ50 ወደፊት ነው። ዘኍልቍ ላይ ሕጉ ተቀየረ፣ ወደኋላ ሆነ። ዘዳግም ላይ 50ው 49 ሆነ፣ መነሻውም ከመጀመሪያው ቁጥር ወደ 5ኛው ቁጥር ወረደ። ዘሌዋውያን ላይ ቃሉ ራሱ ተለወጠ፣ ዝላዩም 8 ሆነ። ተማሪዬ እንዲህ አድርጎ ፈተና ላይ መልስ ቢያመጣልኝ፣ አምስት ጥያቄ በአራት ሕግ ሠራህ እለዋለሁ። ደስ የሚለው ምስል የተሠራው ከቆጠራው በኋላ ነው።

ዘዋድላ፦

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ዋድላ ኮን አካባቢ ቅኔ ቤት ያደግኩ ነኝ፣ ዛሬ ሥራዬ ሌላ ነው። መምህሩ ያወጣትን «ስ ም ይ» ሳይ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። አንተ ሰማይ ብለህ አነበብካት። እኔ በግእዝ «ስምየ» ብዬ ነው ያነበብኳት፣ «ስሜ» ማለት ነው። ያው ሦስት ፊደል። አናባቢውን ካወጣኸው አንዱ ሰማይ ይላል፣ አንዱ ስሜ ይላል፣ ሁለታችንም አልተሳሳትንም፣ ማንም ሊዳኘን አይችልም።

በቅኔ ቤት ተሰውሮ የሚነገር ነገር እንግዳ አይደለም። ሰምና ወርቅ እንላለን። ግን እንዴት እንደሚሠራ ተመልከቱ። ባለቅኔው አንድ ኅብር ቃል ያስቀምጣል፤ ያ ቃል ሰሙንም ወርቁንም የሚሸከም ነው። ተማሪው ሰሙን ከሰማ በኋላ ኅብሩን ይፈልጋል። ሲያገኘው ወርቁ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይገጥማል፣ አንዱ ቃል ካፈነገጠ መምህሩ «አልገባህም» ይላል። አሥር ተማሪ አንድ ቤት ውስጥ አሥር ወርቅ አያወጣም። ሌሊት በጭለማ የተቀኘሁትን ጠዋት መምህሬ ፊት ስቆም፣ ወርቁ ከየት እንደመጣ በሰዋስው ማሳየት ነበረብኝ። ካላሳየሁ ተቀመጥ ነው። ስውር ነገር ዳኛ አለው ማለቴ ነው። ይህ የፊደል ዝላይ ዳኛ የለውም፤ የፈለገው ሰው የፈለገውን ያወጣበታል።

ሌላም ነገር ልጨምር። በእኛ አገር የእግዚአብሔርን ኅቡእ ስም የመፈለግ ነገር የቆየ ነው። ክታብ ላይ፣ በአስማት ጸሎት ላይ «አህያ ሸራህያ» የሚል ታያላችሁ። ብዙ ሰው ምን እንደሆነ ሳያውቅ ነው አንገቱ ላይ የሚያስረው። ይህ ቃል ከዕብራይስጡ «ኤህዬ አሼር ኤህዬ» የመጣ ነው፤ ዘጸአት 3፥14 ላይ ለሙሴ የተነገረው፣ በአማርኛችን «ያለና የሚኖር» የሚለው። ሙሴ ስምህ ማነው ብሎ ጠየቀ፣ በግልጽ ተነገረው፣ ሄደህ ለሕዝቡ ንገር ተባለ። እኛ በቆዳ ጠቅልለን ሰፋነው። እኔ ይህን ሳስብ ያመኛል።

የጦሳ ልጅ፦

መምህር፣ ቆጠርኩት። በእርሳስ አሰመርኩበት፣ ሰ ሞ የ፣ ልክ ነው። እግዚአብሔር ምስክሬ ነው አስቤበት አልጻፍኩም። እኅቴን ጠርቼ አሳየኋት፣ እሷም ቆጠረች።

ግን እኮ አሁን ችግሩ ለእኔ መግባቱ አይደለም። እማየ አፏ ላይ ፈገግታ የመጣው በዚያ ወረቀት ነው። እኔ ውሸት ነው ብላት ያን ተስፋ ቀማኋት ማለት ነው። ይህን ነው የፈራሁት። ደግሞ የኢሳይያሱስ?

እኅተ ወሎ፦

ወንድሜ፣ ሰላም ወንድሞች ብለህ ጀመርክ እንጂ እኅቶችም እናነባለን። እዚሁ ደሴ ሸዋ በር ነኝ፣ ሙስሊም ነኝ። አላህ ለእማማ ዘነበች ሺፋውን ያውርድላቸው።

የኦሪቱን አላውቅም፣ ይህ በሽታ ግን እኛም ቤት ገብቶ ያውቃል። ረሻድ ኸሊፋ የሚባል በአሜሪካ ይኖር የነበረ ግብፃዊ ባዮኬሚስት ነበር። ቁርኣን በሙሉ በ19 ቁጥር የተቆለፈ ነው አለ። «ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም» 19 ፊደል ነው፣ ሱረቱል ሙደሲር ላይ «በእርሷ ላይ አሥራ ዘጠኝ አሉ» ይላል፣ እያለ ቆጠረ። ብዙ ሰው ደነቀው። መጨረሻው ምን ሆነ? ቁጥሩ አልገጥም ሲለው ከሱረቱ ተውባ መጨረሻ ሁለት አያ የቁርኣን አይደሉም ብሎ አወጣቸው። ቆጠራውን ሊያድን ቃሉን ቆረጠ! ዑለማዎቹ የተቃወሙት በዚህ ነው። እኔ ከዚህ የተማርኩት፣ ቁጥር ከቃሉ በላይ ሲከብር ቃሉ ትርፍ እንደሚሆን ነው።

በእኛ በወሎ ይህ በሁለቱም በኩል አለ፣ እናውቀዋለን። ስምና የእናት ስም ቆጥሮ በ12 እየገደፈ ኮከብ የሚነግር አለ፣ ዐውደ ነገሥት ገልጦ። በአብጀድ፣ በዐረብኛ ፊደላት ቁጥር ማለት ነው፣ ስም ቆጥሮ የሚጽፍም አለ። ክርስቲያኑ ሙስሊሙ ጋ ይሄዳል፣ ሙስሊሙ ክርስቲያኑ ጋ ይሄዳል። የቸገረው ሰው የማይሄድበት የለም። ላፕቶፕ ስለያዘ ነው አዲስ የመሰለን።

ስለ እናትህ ግን ልንገርህ። አያቴ ስኳር ነበረባት። አንድ ሰው ስሟን ቆጥሮ «ያንቺ ነገር የዓይነ ጥላ ነው» አላትና መድኃኒቷን ተወች። እኛም ልቧን እንዳንሰብር ብለን ዝም አልን። እግሯ ላይ ቁስል ወጣ፣ ዘግይተን ሐኪም ቤት ወሰድናት፣ ሁለት ጣቷ ተቆረጠ። ያኔ ዝም ማለታችን ዛሬም ይቆጨኛል። እና ወረቀቱን አትቅማት፣ ቀጠሮውን ግን አታስቀርባት። ቡና አፍላላት፣ አቦሉን ጠጥታ ስትረጋጋ «እማየ፣ ስምሽን የሚያውቅ ጌታ ሐኪሙንም ያውቀዋል» በላት። እናቶች ክርክር አይወዱም፣ ሲለመኑ ግን እሺ ይላሉ።

ሐይቅ ዳር፦

ዘግይቼ ገባሁ። ዕብራይስጥ ለአራት ዓመት ተምሬያለሁ፣ የኢሳይያሱን እኔ ልመልስ።

ኢሳይያስ 53፥10 ላይ ካለች አንዲት ዮድ ተነስተው በየ20 ወደኋላ ሲቆጥሩ «የሹዓ ሽሚ» የሚል ያወጣሉ። ሽሚ ማለት ስሜ ነው። ዘዋድላ ያወጣው «ስምየ» ራሱ ነው እኮ! እዚያም ቢሆን አናባቢ ስለሌለው እነዚያው ፊደላት «የ…ሰማያት» ተብለው ሊነበቡ ይችላሉ። ሲያነቡ ማስገረሙ አይቀርም። ነገር ግን ቆጠራው የቆመው አንዲት ፊደል ሳትጨመር ሳትጎድል ነቢዩ እንደጻፈው ደርሶናል በሚል ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 ሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻ የተገኘው ትልቁ የኢሳይያስ ጥቅልል ከክርስቶስ ልደት በፊት የተጻፈ ነው። መልእክቱ ያው ኢሳይያስ ነው፣ የሚያኮራ ነው። የፊደል አጻጻፉ ግን ዋውና ዮድ በብዛት ይጨምራል፣ እዚያው 53፥10 ላይ ያሉ ቃላትም ይለያያሉ። አንዲት ዮድ ከገባች በየ20 መቆጠሩ ፈረሰ። ዛሬም እንኳ በየመን አይሁድና በአሽከናዝ (በአውሮፓ አይሁድ) የኦሪት ጥቅልል መካከል ወደ 9 ፊደል ልዩነት አለ። የጥንት ረቢዎች ራሳቸው በታልሙድ፣ በአይሁድ የሕግና የትምህርት መጽሐፍ፣ የትኛው ቃል በሙሉ ፊደል የትኛው በጎደሎ እንደሚጻፍ እኛ አዋቂዎች አይደለንም ብለዋል። ለንባብ ምንም አይጎዳም። ለዝላይ ቆጠራ ግን ሞት ነው።

ደግሞ ኢሳይያስ 53 ስለ መከራው አገልጋይ በግልጽ የሚናገር ምዕራፍ ነው። «እርሱ ግን ስለ መተላለፋችን ቆሰለ» ይላል ፊት ለፊት። ያንን እያዩ ፊደል በየ20 ወደኋላ መቁጠር ለምን እንደሚያስፈልግ አልገባኝም።

ተስፋ ግን እንዳይከፋ። በዕብራይስጡ መጽሐፍ ውስጥ የፊደል ጥበብ የለም ማለት አይደለም። አለ፣ ያውም የሚያምር። ኤርምያስ 25፥26 ላይ «የሼሻክ ንጉሥ» ይላል። ሼሻክ የሚባል አገር በካርታ አታገኙም። የፊደል ገበታውን እጠፉት፣ የመጀመሪያው አሌፍ ከመጨረሻው ታው ጋር፣ ሁለተኛው ቤት ከመጨረሻ ሁለተኛው ሺን ጋር፣ እያላችሁ። ባቤል ቤት፣ ቤት፣ ላሜድ ነው። ሲገለበጥ ሺን፣ ሺን፣ ካፍ ይሆናል፤ ሼሻክ። ባቢሎን ናት! ይህን ዘዴ አትባሽ ይሉታል። ዘዋድላ ያለው ዳኛ እዚህ አለ፤ 51፥41 ላይ ነቢዩ ራሱ ሼሻክንና ባቢሎንን አንድ ቁጥር ውስጥ ጎን ለጎን ያስቀምጣቸዋል፣ ፍቺውን ራሱ ይሰጣል።

አስቴርም አለች። በዕብራይስጡ አስቴር ውስጥ የእግዚአብሔር ስም አንድም ቦታ አልተጠራም። 5፥4 ላይ ግን አስቴር «ንጉሡና ሐማ ዛሬ ይምጡ» ስትል የአራቱ ቃላት መነሻ ፊደል ዮድ፣ ሄ፣ ዋው፣ ሄ ነው። የጸሐፊው ሐሳብ ነው ብዬ አልምልም፣ መምህሩ እንዳለው እነዚህ ፊደሎች ብዙ ናቸው። ግን ቃላቱ ተከታታይ ናቸው፣ ቦታውም አስቴር ሞትን ደፍራ የገባችበት ነው። እዚህ ላይ ልቤ ወደ ተስፋ ያዘነብላል።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ፣ የጦሳ ልጅ። እናትህ ዳዊት ይደግማሉ ብለሃል። ዳዊት በየዕለቱ ተከፍሎ ሲደገም የዓርቡ ከ111 እስከ 130 ነው። በመካከሉ 118ኛው መዝሙር አለ፣ በዕብራይስጡ ቁጥር 119 የሆነው። 22 ክፍል አለው፣ እያንዳንዱ 8 ቁጥር፣ በጠቅላላ 176። በዕብራይስጡ የመጀመሪያዎቹ 8 ቁጥሮች በሙሉ በአሌፍ ይጀምራሉ፣ ቀጣዮቹ 8 በቤት፣ ከዚያ በጋሜል፣ እስከ ታው። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ የእግዚአብሔርን ሕግ ከመጀመሪያ ፊደል እስከ መጨረሻ ፊደል እየዞረ ያመሰገነበት ነው። የግእዙ ዳዊት ሲተረጎም ፊደሉ አብሮ ሊተረጎም ስለማይችል የፊደሎቹን ስም በየክፍሉ ራስ ላይ አስቀመጡልን። እናትህ ዓርብ ዓርብ እያነበቡት ነው። ሄደህ አሳያቸው። ወረቀቱ ውሸት ነው ብለህ አትጀምር፣ እዚህ ጀምር።

ተስፋ ዘወልድያ፦

ሐይቅ ዳር፣ የሼሻኩን አላውቅም ነበር። ገበታውን ጽፌ አጥፌ አየሁት። መምህር፣ አንተም ያልከውን ደግሜ አነበብኩት፣ የ49ኙ ነገር እውነት ነው፣ እኔ እያወቅኩ ነበር የማልፈው። የጦሳ ልጅ፣ እናታችንን ሳምልኝ።

የጦሳ ልጅ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። የሆነውን ልንገራችሁ።

ትናንት ዓርብ ነበር። እኅተ ወሎ እንዳለችው ቡና አፈላን። እማየ ዳዊቷን ከማኅደሩ ስታወጣ ያ ወረቀት አብሮ ወጣ። ምንም አልተናገርኩም። 118 ላይ ስትደርስ አጠገቧ ተጠግቼ «እማየ፣ ይኼ አሌፍ የሚለው ምንድን ነው?» አልኳት። መነጽሯን ከፍ አድርጋ አየችኝ። «የፊደል ስም ነዋ፣ የኔታ እንዲህ ነው ያስቆጠሩን» አለች። ከዚያ ሐይቅ ዳር ያለውን ነገርኳት፣ ስምንቱ በአሌፍ፣ ስምንቱ በቤት። ዝም ብላ ሰማችኝና በጣቷ ወደ ታች መቁጠር ጀመረች፤ ጋሜል፣ ዳሌጥ፣ ሄ፣ ዋው። ዮድ ላይ ስትደርስ ቆመችና «እጆችህ ሠሩኝ አበጃጁኝም» የሚለውን በግእዙ ጮክ ብላ አነበበችው። እንባዋ መጣ። «አርባ ዓመት በየዓርቡ አልፌው ስሄድ» አለች።

ከዚያ በኋላ ነው ስለ ወረቀቱ የነገርኳት። የሰላምታዬን መስመር ጻፍኩላት፣ ራሷ ቆጠረችው፣ ሰ ሞ የ። ትንሽ አሰበችና «ታዲያ 800 ብሩን ለምን ወሰደኝ?» አለች። መልስ አልነበረኝም። የሆስፒታሉን ካርድ ከኮመዲኖው አውጥቼ ጭኗ ላይ አስቀመጥኩት። እሺም እንቢም ሳትል ቡናውን ጨረሰች፣ ከዚያ «ሰኞ በጠዋት ነው የምንሄድ፣ ወረፋው ረጅም ነው» አለችኝ።

ወረቀቱን አልቀደደችውም። አራት ላይ አጥፋ ዳዊቱ ውስጥ 118 ላይ ምልክት አደረገችው።